የፈረንሳይኛ ቃል የት ይከፈላል? ጫናውስ የት ያርፋል?

ባለጠመኔ (አዳማ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ለዴልፍ ኤ1 (ለመጀመሪያ ደረጃ የፈረንሳይኛ ችሎታ) ፈተና የሚዘጋጁ ጀማሪዎች አስጠናለሁ። «ታብሎ»ን «ታብ-ሎ» ብለው ይከፍሉታል። ጫናውንም (ሲነገር ጎላ የሚለውን ክፍል ማለቴ ነው) ምልክት ያለባት ፊደል ላይ ይጥላሉ፤ «ቴሌፎን» ሲሉ ቴ ትጮኻለች። ምን ላድርግ?

ደብተራ፦
ከአከፋፈሉ ልጀምር። በሁለት አናባቢ መካከል ያለ ነጠላ ተነባቢ ለኋለኛው ነው፦ አ-ኒ-ማል። ሁለት ከሆኑ ይለያያሉ፦ ፓር-ቲር። ሁለተኛው ል ወይም ር ሆኖ ከፊቱ ብ፣ ፕ፣ ክ፣ ግ ወይም ፍ ካለ ግን አይነጣጠሉም፤ ስለዚህ ታ-ብሎ። ት፣ ድ እና ቭ ከር ጋር ብቻ ነው የሚጣበቁት። ሽ ወይም ኝ ተብለው የሚነበቡ ጥንድ ፊደላት እንደ አንድ ይቆጠራሉ፦ ካ-ሼ፣ ጋ-ኜ።

የጽሑፍና የንግግር አከፋፈል እንደሚለያይ ንገሯቸው። «ባሎን» በጽሑፍ ሁለት ል ስላለው በመካከላቸው ይከፈላል። ሲነገር ግን ባ-ሎን ነው፣ ል አትጠብቅም። አማርኛ ተናጋሪ ድርብ ፊደል ሲያይ ማጥበቅ ይወዳል፤ ዋናው ጣጣ እዚህ ነው።

ሶደሬ፦
ምልክቱ የአናባቢውን ድምፅ እንጂ ጫናን አያሳይም። ጫናው ለቃል ሳይሆን ለሐረግ ነው የሚሰጠው፤ የሐረጉ የመጨረሻ ቀለም (አንድ አናባቢ የያዘ የድምፅ ክፍል) ላይ ያርፋል። መጨረሻ ላይ የማትነበበዋ ኧ አትቆጠርም፣ ስለዚህ «ቴሌፎን» ላይ ፎን ነው። «ካፌ» ብቻውን ሲሆን ፌ ላይ፣ «ካፌ ኗር» ሲሆን ኗር ላይ፤ ፌ ጫናዋን ታጣለች። ማረፍ ማለት መጮህ አይደለም፣ ቀለሙን ማስረዘም ነው። ከኋላ እየቀጠላችሁ አለማምዱ፦ ኗር፣ ካፌ ኗር፣ ኧን ካፌ ኗር። በስሜት «ፎርሚዳብል!» ሲባል ፎ ከፍ ትላለች፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ደብተራ፦
አንድ ልጨምር። ሦስት ቁጥር፣ «ትሯ»፣ አንድ ቀለም ነው። ልጆቹ ት ላይ እ ጨምረው ሁለት ያደርጉታል። ሳድስ ፊደላችን አናባቢ ይኑረው አይኑረው ስለማይለይ በፊደል ጽፈው እንዲያጠኑ አትፍቀዱ (እኛ እዚህ የጻፍነው ለመግባባት ነው)። ቀለም በቀለም ጠረጴዛ እያንኳኩ ይበሉት፤ ለ«ትሯ» ሁለቴ ያንኳኳ ተያዘ! «ላ ጋር»ም (ባቡር ጣቢያው) ሁለት ቀለም ነበር፣ ለገሃር ብለን አስረዘምነው እንጂ።

ባለጠመኔ፦
ተመስገን። «ሌ» (የብዙ ቁጥር መስተአምር) እና «አሚ» (ጓደኞች) ሲገናኙስ?

ሶደሬ፦
ሌ-ዛ-ሚ። ብቻውን ሲሆን የማይነበበው የ«ሌ» የመጨረሻ ፊደል ዝ ሆኖ ወደ አ ይሻገራል። ቃል የት እንዳለቀ ጆሮ አይነግርህም፤ ጫናው ሚ ላይ ነው።