ኒም ለመጠጥ ይሸጥ ወይስ ይከልከል?

ጥያቄው፦ የሕንዱ ኒም ቅጠሉም ዘይቱም «ከስኳር በሽታ እስከ ወባ ያድናል» እየተባለ ለመጠጥ ይሸጣል። መከልከል አለበት ትላላችሁ?

የድሬ ልጅ፦ በፍጹም! ድሬዳዋ ላይ ከዚያ ፀሐይ የሚያስጠልለን ኒም ነው፣ ባዕድ ዛፍ አይደለም። ሕንዶች በቀጭን ቅርንጫፉ ጥርሳቸውን ሲፍቁ ስንት ዘመናቸው! እ.ኤ.አ. በ1942 ኬሚስቱ ሳሊሙዛማን ሲዲቂ ከዘይቱ ኒምቢን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አውጥቷል። ይህን መከልከል ድሃው ያለችውን መድኃኒት መንጠቅ ነው።

ከጅዳ፦ እኔም እዚህ ነኝ። ዓረፋት ሜዳ ላይ ለሐጃጆች ጥላ ተብሎ የተተከለው እኮ ኒም ነው። ደግሞ የውጭ ኩባንያ ፓተንቱን (የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን) ሊወስድ የተሟገተው ዋጋ ቢስ ስለሆነ ነው?

የእህል ባለሙያ፦ የፓተንቱን ነገር በትክክል እናንሳው። እ.ኤ.አ. በ1994 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ለአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴርና ለደብልዩ አር ግሬስ ኩባንያ ፓተንት ሰጠ። ሕንዶች ቀድመው የሚያውቁት ነገር ነው ተብሎ በ2000 ተሰረዘ፣ በ2005 ይግባኙም ውድቅ ሆነ። ትልቅ ድል ነው፤ ግን ክርክሩ የሰብል ፈንገስ ስለሚከላከል ውህድ እንጂ ስለሚጠጣ ነገር አልነበረም። ፍሬው ውስጥ ያለው አዛዲራክቲን ነፍሳትን ምግብ ያስጠላቸዋል፣ የቀመሱትም ቆዳቸውን መቀየር አቅቷቸው ይሞታሉ። ለነቀዝ ከሆነ እኔ ራሴ ጠበቃው ነኝ።

ፋርማሲስቷ፦ የድሬው ወንድሜ፣ መፋቂያህን ማን ነካብህ? እኔን የሚያስጨንቀኝ ዘይቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከማሌዥያ የወጣ የሕክምና ዘገባ አለ፤ የኒም ዘይት የተጋቱ ሕፃናት በሰዓታት ውስጥ ማስመለስ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ከዚያም አንጎላቸው መታወክ ጀመረ። ያጠጧቸው ወላጆች እኮ እንደ እናንተው ዛፉን የሚያምኑ ናቸው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ቅጠሉን ቢደርብበት ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል።

ዛፍ መድኃኒት አይሆንም እያልኩ አይደለም። የቻይናውን ሺሹ ዛፍ እዩ። ዎልና ዋኒ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ካምፕቶቴሲን የተባለውን ፀረ ካንሰር ንጥረ ነገር ከእሱ ማግኘታቸውን አሳተሙ። መጀመሪያ ሰው ላይ ሲሞከር ጉዳቱ ስለበዛ ሙከራው ቆመ። ኬሚስቶች ቅርጹን አሻሽለው የሠሯቸው ቶፖቴካንና ኢሪኖቴካን የተባሉት የካንሰር መድኃኒቶች አሜሪካ ውስጥ የተፈቀዱት በ1996 ነው። 30 ዓመት! ቅርፊቱን ቀቅሎ የጠጣ ሰው ግን መጠኑን የሚለካለት የለም።

የድሬ ልጅ፦ እሺ፣ ዘይቱ ለሕፃን አይሰጥ፤ በዚህ ተስማምቻለሁ። ቅጠሉን አፍልቶ የሚታጠብበትን፣ ቆዳው የሚያሳክከውን ሰውዬ ግን ከዚህ ጋር አትደምሩት። ሁሉን በአንድ ሕግ ከዘጋችሁት ሰዉ በድብቅ ይገዛዋል፣ ያኔ ማን ይመክረዋል?

ፋርማሲስቷ፦ ለመታጠቢያው ክልከላ አልጠየቅሁም። የሚጠጣው ግን መጠኑ ሳይጻፍበት፣ «ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው» የሚል ሳይለጠፍበት ከሱቅ ይውጣ። ወባ የያዘው ልጅ ትኩሳቱ እያለ ኒም ሲጋት ከዋለ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ከመሸ ነው፤ ይህን ለሚሸጠው ሰው ፊት ለፊት እነግረዋለሁ።