ቀኑን ጨርሶ 2.1 ኪሎ የተወለደ ልጅ፦ ኋላ ምን ያሰጋዋል?

ጠያቂ፣ ኩታበር (ጤና ኤክስቴንሽን)
ሰላም ለሁላችሁ። በ39 ሳምንት 2.1 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ልጅ አለ። ሆድ ውስጥ ዕድገቱ ተገትቶ ነው እንጂ ያለቀኑ አልተወለደም። አያቱ «ቅቤ እያላስን እናወፍረዋለን» ይላሉ። ኋላ ለግፊትና ለስኳር ይጋለጣል የሚባለው እንዴት ነው? እናቱንስ ምን ልበላት?

መልስ፣ ደሴ
እህቴ፣ በእንግዴ ልጁ በኩል የሚደርሰው ምግብና ኦክስጅን ሲያንስ የፅንሱ ሰውነት ደሙን ለአንጎልና ለልብ ያደላል። ጭንቅላቱ ከገላው ተለቅ ብሎ የሚታየው ለዚያ ነው። የሚጎድልባቸው ጉበት፣ ቆሽት፣ ጡንቻና ኩላሊት ናቸው። እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ ኩላሊቱ ነው። ደም የሚያጣሩት ኔፍሮኖች ተሠርተው የሚያልቁት በ36ኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አዲስ አይበቅልም። እንዲህ ያለው ልጅ ጥቂት ይዞ ይወለዳል፤ ጥቂቶቹ የብዙውን ሥራ ሲሸከሙ ቀስ በቀስ ይጠባሳሉ፣ ግፊትም ይነሣል። ስኳሩስ? ከደም ስኳር የሚወስደው ጡንቻ አነስተኛ ነው፤ ኢንሱሊን የሚያመነጩት የቆሽት ሴሎችም እንዲሁ። ዕድሉ ከፍ ይላል እንጂ የተቆረጠ ነገር አይደለም፤ ይህን ለእናቱ አስረግጠሽ ንገሪያት።

መልስ፣ ኮምቦልቻ (የጨቅላ ሕፃናት ነርስ)
ቅቤውን ዛሬውኑ አስቁሚ። ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ የጡቱንም ቦታ ይሻማል። አሁን የሚያሰጋው ብርድና የስኳር መውረድ ነው፤ ከቆዳው ሥር በቂ ስብ፣ በጉበቱም በቂ የተጠራቀመ ስኳር የለውም። በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ይታቀፍ፤ ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ይሁን። በየ2 እስከ 3 ሰዓቱ ይጥባ፣ ሌሊትም ቀስቅሳ ታጥባው። መጥባት ካቃተው፣ ከዛለ ወይም ከቀዘቀዘ እያሞቃችሁ ወዲያው ሪፈር። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፤ የብረት ጠብታው መጠን በኪሎው ይታዘዝለት።

ስትመዝኚው ቁመቱንም ለኪ። ክብደቱ ቁመቱን ጥሎ ከሮጠ የሚጨምረው ስብ ነው፤ ለስኳር የሚያጋልጠውም ይኸው ነው። ይህ ማለት ግን ጡት ይቀነስበት ማለት አይደለም! ከ3 ዓመቱ ጀምሮ ግፊቱ በየዓመቱ ይለካ።

መልስ፣ ቆቦ (አዋላጅ)
ለሚቀጥለው እርግዝና፦ የክንዷ ዙሪያ ከ23 ሳንቲ ሜትር ካነሰ የምግብ ድጋፍ ያስፈልጋታል። ከ24ኛው ሳምንት በኋላ የማሕፀን ከፍታ በሳንቲ ሜትር ከሳምንቱ ቁጥር ጋር ይቀራረባል፤ ከሳምንቱ ቁጥር በ3 ሳንቲ ሜትር ካነሰ አልትራሳውንድ ላኪያት። ግፊቷን በየቀጠሮው ለኪ። እንደኛ ቆላ የሚኖሩት አጎበር አይለያቸው፣ የወባው ተውሳክ እንግዴ ልጁ ውስጥ ይከማቻል። ጫትም ይቅር።

የልደት ክብደት ብቻውን ግን የኋላውን ስጋት ሁሉ አያሳይም። በ1944–45 (እ.ኤ.አ.) የኔዘርላንድ ረሃብ በእርግዝና መጀመሪያ ላይ የተጎዱት ደህና ክብደት ይዘው ተወልደው ኋላ የልብ ሕመም በዝቶባቸዋል። በ1977ቱ (በእኛ አቆጣጠር) የወሎ ረሃብ ሆድ ውስጥ የነበሩት ዛሬ 40 አልፏቸዋል፤ ለክትባት ቤት ለቤት ስትዞሪ የእነሱንም ግፊት ለኪ።