ሃይሉክስ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነት የለውም (አዳማ)

ጥያቄ፦ ያገለገለ የናፍጣ ሃይሉክስ ነው፣ ማንዋል። ወደ አሰላ ስወጣ በ4ኛ ማርሽ የሞተሩ ዙር ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ግን ያው ነው። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ፣ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮ የሚያገናኘው) እየተንሸራተተ ይመስላል። መጀመሪያ ፔዳሉን በእጅህ ጫን፤ ከመክበዱ በፊት ከ5 እስከ 15 ሚሊሜትር ላላ ማለት አለበት። ጭራሽ ካልላላ ሁልጊዜ በከፊል እንደተረገጠ ነው፤ ይስተካከል። ከዚያ ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ይዘህ፣ 4ኛ አስገብተህ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ሞተሩ ካልጠፋ ሸራው (የፍሪሲዮኑ ዲስክ) አልያዘም። አትደጋግመው፣ ይቃጠላል።

መልስ፦ ትክክል። ካምቢዮው ከወረደ ግን የክራንኩን የኋላ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደውን ጎማ) ሳታይ እንዳታስገጥም! ዘይት ካፈሰሰ አዲሱንም ሸራ ያበላሻል። ሸራ፣ ፕሬዠር ፕሌት (ሸራውን የሚጫነው ሳህን)ና የፍሪሲዮን ኩሽኔታ አብረው ይቀየሩ።

መልስ፦ ዙሩም ካልጨመረ ነገሩ ሌላ ነው። ጥቁር ጭስ ካለ የአየር ፊልትሮና የተርቦ ቱቦ፣ ከሌለ የናፍጣ ፊልትሮ እይ።