የዊንዶውስ ጌሞችን በሊኑክስ ሚንት ላይ ማስኬድ፦ በ4ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ ምን ያህል ይቻላል?

ዳሞት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ላፕቶፔ 4ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ5 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራም እና ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ኢንቴል ኤችዲ 4400 ግራፊክስ ያለው ነው። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ስላበቃና ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 8ኛ ጀነሬሽን የኢንቴል ፕሮሰሰር ስለሚፈልግ፣ ማሽኑን ከመጣል ብዬ ሊኑክስ ሚንት ጫንኩበት። ለጽሑፍ ሥራና ለኢንተርኔት ከበፊቱ ይልቅ ፈጥኖልኛል። የቸገረኝ ጌም ብቻ ነው።

ዊንዶውሱን ሙሉ በሙሉ አላጠፋሁትም፤ የዲስኩን ግማሽ ይዞ አሁንም አለ፤ ጌሞቼም የተቀመጡት እዚያው ነው። ጌም የሚገዛበትንና የሚጫንበትን ስቲም የተባለ ፕሮግራም በሊኑክሱ ላይ ጭኜ የዊንዶውሱን የጌም ፎልደር ባሳየውም፣ ጌሙን ላስነሣ ስል ቁልፉ ለአፍታ ይቀየርና ምንም ሳይከፈት ወደነበረበት ይመለሳል። በሊኑክሱ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ላይ እንደ አዲስ ያወረድኩት አንድ ዳይሬክትኤክስ 11 (የዊንዶውስ የግራፊክስ ማዘዣ ሥርዓት) የሚጠቀም የመኪና ውድድር ጌም ደግሞ ጥቁር መስኮት አሳይቶ ይዘጋል። ከዲስክ የጫንኩት ፔስ 2013 ጌሞችን በሊኑክስ ላይ በሚያስነሣው ሉትሪስ በተባለ ፕሮግራም በኩል ይከፈታል፤ ነገር ግን አዲስ ስታዲየም ሲመጣ ወይም ጎል ገብቶ ድጋሚ ሲታይ ምስሉ ይቆራረጣል።

ከዚሁ ጋር፣ ታናሽ ወንድሜ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ዴስክቶፕ ሊገዛ ስላሰበ፣ ሊኑክስ ብቻ ቢጫንበት ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲን እና ፎርትናይትን ከጓደኞቹ ጋር መጫወት ይችል እንደሆነ ብትገልጹልኝ አመሰግናለሁ።

ተከዜ

እንኳን ወደ ሊኑክስ መጡ። በስቲም ሴቲንግ ውስጥ የተኳኋኝነት ክፍል አለ፤ እዚያ ገብተው ከሁሉም አዲስ የሆነውን ፕሮተን (የዊንዶውስ ጌም በሊኑክስ ላይ የሚያስኬድ የስቲም መሣሪያ)፣ ማለትም «ኤክስፐሪሜንታል» የተባለውን ይምረጡ። በእኔ ማሽን ላይ አብዛኛው ጌም ያለ ምንም ተጨማሪ ማስተካከያ የሚነሣው በዚሁ ነው።

ጣና_ቴክ

ተከዜ የሰጡት ምክር የቅርብ ጊዜ ግራፊክስ ካርድ ላለው ሰው ትክክል ነው፤ ለዚህ ላፕቶፕ ግን የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው። ምክንያቱ ግልጽ እንዲሆን የዊንዶውስ ጌም በሊኑክስ ላይ በምን መንገድ እንደሚሄድ ላስረዳ።

ዋይን እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረ ፕሮጀክት ሲሆን፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት በሊኑክስ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ የሚፈጥር ፕሮግራም አይደለም። የጌሙን ኮድ ፕሮሰሰሩ ራሱ በቀጥታ ያስኬደዋል፤ የዋይን ድርሻ ጌሙ ፋይል እንዲከፈትለት፣ መስኮት እንዲሠራለት፣ ድምፅ እንዲወጣለት ለዊንዶውስ የሚያቀርበውን ጥያቄ ተቀብሎ ሊኑክስ በሚያውቀው መንገድ መፈጸም ነው። የስቲም ባለቤት ቫልቭ ኮድዊቨርስ ከተባለ ድርጅት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 ያወጣው ፕሮተንም በመሠረቱ ይኸው ዋይን ነው፤ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግራፊክሱን እንዲሸከሙ የታከሉበት ክፍሎች ናቸው። ዲኤክስቪኬ የተባለው የዳይሬክትኤክስ 9፣ 10 እና 11 ትእዛዞችን፣ ቪኬዲ3ዲ-ፕሮተን የተባለው ደግሞ የዳይሬክትኤክስ 12ን ትእዛዞች ወደ ቩልካን፣ ማለትም በሊኑክስም ላይ ወደሚሠራ ሌላ የግራፊክስ ማዘዣ ሥርዓት ይለውጣሉ። እንግዲህ ግራፊክሱ ቩልካንን በሚገባ ካልደገፈ፣ ፕሮተኑ አዲስ መሆኑ የሚፈይደው ነገር አይኖርም።

ኤችዲ 4400 ሃስዌል ከሚባለው ቤተሰብ ነው። ለዚህ ቤተሰብ በሊኑክስ ላይ ያለው የቩልካን ድራይቨር (ግራፊክሱን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም) ያልተሟላ መሆኑን ራሱ በማስጠንቀቂያ መልእክት ይናገራል፤ ወደ 1.3 ደረጃም አይደርስም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 የወጣው ዲኤክስቪኬ 2.0 ግን ቩልካን 1.3ን የግድ ይጠይቃል፤ ፕሮተንም ከ8.0 ጀምሮ የሚይዘው ይህንኑ ነው። የጥቁሩ መስኮት ምንጭ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ወደ ኋላ ይመለሱ፦ በስቲም የጌሞች ዝርዝር ውስጥ ጌሙን በቀኝ ክሊክ ነክተው ወደ ባሕርያቱ ይግቡ፣ ከተኳኋኝነት ክፍሉ የፕሮተን ዓይነት በግድ ለመምረጥ የሚያስችለውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበትና 7.0ን ይምረጡ። እርሱ የሚጠቀመው የቀድሞውን የዲኤክስቪኬ 1.10 መስመር ነው።

በዚህም ካልተነሣ ሌላ መንገድ አለ። ዋይን ዲኤክስቪኬ ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ ዳይሬክትኤክስን ኦፕንጂኤል ወደተባለ ሌላ የግራፊክስ ማዘዣ ሥርዓት የሚለውጥ የራሱ ክፍል አለው፤ ፕሮተንም በጌሙ የማስነሻ አማራጮች ሳጥን ውስጥ በሚጻፍ አንድ መስመር ይህንኑ እንዲጠቀም ይታዘዛል። ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ ያነሰ ቢሆንም፣ የሃስዌል የኦፕንጂኤል ድራይቨር በሊኑክስ ላይ እስከ 4.6 ድረስ የተሟላ ስለሆነ፣ በቩልካን እንቢ ያለ ጌም በዚህ በኩል ሊገባ ይችላል። ዳይሬክትኤክስ 12 ብቻ የሚቀበሉትን ጌሞች ግን በዚህ ማሽን ላይ ይርሷቸው፤ ኢንቴል ራሱ በደኅንነት ክፍተት ምክንያት በ4ኛ ጀነሬሽን ግራፊክስ ላይ ዳይሬክትኤክስ 12ን በዊንዶውስም ዘግቶታል።

የፔስ 2013 መቆራረጥ ከዚህ የተለየ ነገር ነው። ጌሙ ዳይሬክትኤክስ 9 የሚጠቀም ቀላል ጌም ስለሆነ አቅም አነሰው ለማለት አይቻልም። አዲስ ስታዲየም፣ አዲስ ብርሃን ወይም አዲስ የካሜራ ዕይታ በመጣ ቁጥር፣ ግራፊክሱ ያን ምስል የሚስልበት ሼደር የተባለ ትንሽ ፕሮግራም በዚያው ቅጽበት ኮምፓይል መደረግ (ግራፊክሱ ወደሚረዳው ኮድ መለወጥ) አለበት፤ ምስሉ የሚቆመው ይህ እስኪያልቅ ነው። የተዘጋጀው ሼደር በዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ በዚያው ስታዲየም በሚቀጥለው ጊዜ ሲጫወቱ መቆራረጡ መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ በሉትሪስ ውስጥ ለዚያ ጌም ብቻ ዲኤክስቪኬን አጥፍተው በኦፕንጂኤሉ መንገድ ያወዳድሩት። ለዚህ ዘመን ጌምና ለዚህ ግራፊክስ የትኛው እንደሚሻል ሞክሮ ከማየት ሌላ መላ የለውም።

ሐይቅ ዳር

በዊንዶውሱ ፓርቲሽን ላይ ስላሉት ጌሞች እኔ ልመልስ። ይህ ከሊኑክስ ጀማሪዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚመጣ ችግር ነው።

ዊንዶውስ ዲስኩን የሚያደራጀው ኤንቲኤፍኤስ በተባለ የፋይል ሥርዓት ነው። ሊኑክስ ያነበዋል፣ ይጽፍበታልም፤ ዋይን ግን ከማንበብና ከመጻፍ ያለፈ ነገር ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ጌም የዊንዶውስን ሲ ድራይቭ የሚመስል ፎልደር ያዘጋጃል፤ በውስጡም የድራይቩን ፊደልና ሁለት ነጥብ በስማቸው የያዙ ጠቋሚ ፋይሎች ይፈጥራል። ሁለት ነጥብ በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ የተከለከለ ምልክት ስለሆነ ፋይሎቹ ወይ አይፈጠሩም፣ ወይ ተፈጥረው በኋላ ዊንዶውስ ዲስኩን ሲፈትሽ እንደ ብልሽት ይቆጥራቸዋል። በተጨማሪም ዋይን የፎልደሩ ባለቤት እርስዎ መሆንዎን ይመረምራል፤ ኤንቲኤፍኤስ ዲስክ ደግሞ በብዙ ማሽን ላይ በሌላ ተጠቃሚ ስም ስለሚከፈት፣ የእርስዎ አይደለም ብሎ ሥራውን ያቆማል። ስቲም ይህን ሁሉ በመስኮት አውጥቶ ስለማይናገር፣ እርስዎ የሚያዩት የሚቀያየረውን ቁልፍ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ዊንዶውስ 10 በፍጥነት ለመነሣት ሲል ሲዘጋ በእውነት አይዘጋም፤ የከርነሉን (የሥርዓቱን ዋና እምብርት) ሁኔታ በዲስክ ላይ አስቀምጦ ያንቀላፋል። በዚህ ሁኔታ የተተወ ፓርቲሽን በሊኑክስ ላይ ለማንበብ ብቻ ይከፈታል። ፎልደሩ እየታየዎት ምንም መጻፍ ካልቻሉ፣ ወደ ዊንዶውስ ተመልሰው በፓወር አማራጮች ውስጥ ያለውን የፈጣን ማስነሻ ምርጫ ያጥፉት።

መፍትሔው ጌሞቹን እንደገና ማውረድ አይደለም፤ በተለይ ዳታ በጥቅል ለሚገዛ ሰው ይህ ምክር ቀልድ ነው። በሊኑክሱ ፓርቲሽን ላይ በቂ ቦታ ካለዎት፣ የጌሙን ፎልደር ከዊንዶውሱ የስቲም ላይብረሪ ወደ ሊኑክሱ ላይብረሪ ተመሳሳይ ቦታ፣ ስሙን ሳይቀይሩ ይገልብጡት። ከዚያ በስቲም ውስጥ ጌሙን እንደ አዲስ እንዲጭን ይዘዙት። የተገለበጡትን ፋይሎች አግኝቶ ይመረምራል፤ የሚያወርደው የጎደለውን ወይም የተለወጠውን ብቻ ይሆናል። የሴቭ ፋይሎች ግን ብዙ ጊዜ በዊንዶውሱ የዶክመንት ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጡ፣ በክላውድ ያልተቀመጡ ከሆነ ለብቻቸው ፈልገው ይውሰዷቸው።

ዳሞት (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የውድድር ጌሙ በፕሮተን 7.0 ተነሣ። የምስል ጥራቱን ዝቅ አድርጌ በሚያስደስት ፍጥነት እየተጫወትኩት ነው። ፔስም በአንድ ስታዲየም ደጋግሜ ስጫወት መቆራረጡ እንደተባለው ቀንሷል። ፋይሎቹን ገና እየገለበጥኩ ነው፤ ዲስኩ አሮጌ ስለሆነ ይዘገያል። የወንድሜ ጥያቄ ነው የቀረው።

ባለ ሁለቱ ቡት

ለወንድምዎ አጭሩ መልስ፣ ሁለቱንም መጫወት አይችልም የሚል ነው። ምክንያቱ የካርዱ አቅም ወይም የፕሮተን ጉድለት አይደለም፤ አንቲ-ቺት፣ ማለትም በጌም ውስጥ ማጭበርበርን የሚከላከለው ፕሮግራም ነው። ለኤፍሲ ባለቤቱ ኢኤ፣ ጌሙ ፊፋ ይባል ከነበረበት ከፊፋ 23 ጀምሮ የራሱን አንቲ-ቺት ይጠቀማል። ይህ ፕሮግራም በዊንዶውስ ከርነል ውስጥ የሚቀመጥ ድራይቨር አለው፤ በዋይን ውስጥ ደግሞ ድራይቨሩ የሚገባበት የዊንዶውስ ከርነል የለም። ስለዚህ ብቻውን ልጫወት ቢልም እንኳ ጌሙ አይነሣም።

ፎርትናይት ይበልጥ የሚያስገርም ነው። ኢዚ አንቲ-ቺት እና ባትልአይ የተባሉት ሁለቱ የታወቁ አንቲ-ቺቶች ከእ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2021 ወዲህ በፕሮተን ውስጥ መሥራት እንደሚችሉ ተገልጿል፤ የሚያስፈልገው የጌሙ ባለቤት ድርጅት መፍቀዱ ብቻ ነው። የኢዚ አንቲ-ቺት ባለቤት ራሱ የፎርትናይቱ ኤፒክ ሆኖ ሳለ ለራሱ ጌም አልፈቀደም። ከዚህም የሚከፋው የተፈቀደው መልሶ ሊከለከል መቻሉ ነው፦ ጂቲኤ ኦንላይን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ባትልአይን ሲጨምር በሊኑክስ ላይ የሚጫወቱትን ዘጋባቸው፤ የታሪኩ ክፍል ግን አሁንም ይሠራል። ኤፔክስ ሌጀንድስም በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ሊኑክስን አስወጣ። የኤፔክስ ሠሪዎች የሰጡት ምክንያት አጭበርባሪዎች በሊኑክስ በኩል ይገባሉ የሚል ነው። በዊንዶውስም አጭበርባሪ ስላልጠፋ እኔን ብዙም አላሳመነኝም፤ ውሳኔው ግን የእነርሱ ነው። ይህን ለማለፍ የሚሰጡ ብልሃቶችን ወንድምዎ ቢያገኝ አይሞክራቸው፤ አካውንት ያዘጋሉ።

ስለዚህ ኤፍሲ የግድ ከሆነበት ዊንዶውስና ሊኑክስን ጎን ለጎን ይጫን፤ የሚቻል ከሆነም በሁለት የተለያዩ ኤስኤስዲዎች ላይ ቢሆን ይሻላል። ዶታ 2 እና ካውንተር-ስትራይክ 2 ግን ለሊኑክስ በቀጥታ የተሠሩ ስለሆኑ ፕሮተንም አያስፈልጋቸው።

ጣና_ቴክ

በአንቲ-ቺቱ ጉዳይ የምጨምረው የለኝም። ወንድምዎ ማንኛውንም ጌም ከመግዛቱ በፊት ፕሮተንዲቢ በተባለው ድረ-ገጽ ላይ ስሙን ይፈልግ። ተጫዋቾች ከነማሽናቸው ዓይነት የሚጽፉት ሪፖርት አለ፤ ከላይ ከሚታየው የፕላቲኒየም ወይም የወርቅ ደረጃ ይልቅ የቅርብ ወራቱን ሪፖርቶች ማንበብ ይበልጥ ይረዳል። እርስዎም ሲያነቡ የግራፊክሱን ስም ይመልከቱ፤ አዲስ ካርድ ያለው ሰው «ያለ ምንም ችግር ይሠራል» ማለቱ ለሃስዌል ምንም አይነግረንም።

የዳታ ነገር ስለተነሣ አንድ ልጨምር። ስቲም በሊኑክስ ላይ ሌሎች ተጫዋቾች ያዘጋጁትን ሼደር አስቀድሞ ያወርዳል፤ ለአንዳንድ ጌም ይህ በየጊዜው እየታደሰ ብዙ ዳታ ይበላል። በሴቲንግ ውስጥ ማጥፋት ይቻላል። ነገር ግን በዚያው መንገድ የሚወርዱ የጌም ቪዲዮዎችም አሉ፦ በዊንዶውስ ብቻ የሚከፈቱትን ቪዲዮዎች ቫልቭ በሌላ ፎርማት አዘጋጅቶ የሚልከው ከሼደሩ ጋር ነው። ካጠፉት በኋላ በታሪኩ መካከል ቪዲዮ መታየት ሲገባው የቴሌቪዥን መሞከሪያ የሚመስሉ ባለቀለም መስመሮች ከመጡ፣ ጌሙ ተበላሽቷል ብለው እንዳያጠፉት፤ ምርጫውን መልሰው ያብሩና ለዚያ ጌም የሚወርደው እስኪያልቅ ይጠብቁ። ወንድምዎ ዴስክቶፑን ሲገዛም፣ ሁለቱ ማሽኖች በአንድ ዋይፋይ ላይ ካሉና ስቲም በሁለቱም ከተከፈተ፣ አንዱ ያወረደውን ጌም ሌላው በቤት ውስጥ ኔትወርክ መቀበል ይችላል።

ዳሞት (ጠያቂ)

ጥሩ ነው፣ ሼደሩን ለጊዜው እንደበራ እተወዋለሁ። ወንድሜ ሁለት ኤስኤስዲ ለመግዛት ተስማምቷል፤ ዊንዶውሱን መጀመሪያ፣ ሊኑክሱን ቀጥሎ መጫን ነው የሚሻለው?

ባለ ሁለቱ ቡት

አዎን፣ ዊንዶውሱ ይቅደም። ሊኑክሱን ሲጭን የዊንዶውሱን ኤስኤስዲ ነቅሎ ቢያስቀምጠው ደግሞ የሁለቱ የማስነሻ ፋይሎች አይደባለቁም፤ ከዚያ በኋላ በየትኛው እንደሚነሣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሚመጣው የቡት ዝርዝር ይመርጣል።