የአክስቴ ቅቤና 200 ኩኪስ

የሺምብጧ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከቨርጂኒያ ጠቅልዬ ባህር ዳር ከገባሁ 4 ወር ሆነኝ። ዛሬ የምጠይቃችሁ ስለ ቤት ኪራይ አይደለም፣ ስለ ኩኪስ ነው። ባለፈው በታሸገ የሱቅ ቅቤ ለቡና የጋገርኩትን አክስቴ ቀመሰች። እሷ ሆዬ ለልጇ መልስ 200 ኩኪስ እንደምሠራ ለሰፈሩ አወጀች። ይባስ ብላ ከዳንግላ 2 ኪሎ ቅቤ አስመጣች። «የሱቁን ተዪው፣ ይኸው» አለችኝ። በሱ ስሞክረው ኩኪሱ ትሪው ላይ ፈሶ አንድ ትልቅ ቂጣ ሆነ። ሽታውማ አናቴን የተቀባሁ ነው የሚመስለው። በምን ልተካው? አክስቴን ሳላስቀይም ማለቴ ነው። መልሱ እሑድ ነው።

ዋርካ፦ የሚረጋ ዘይት አድርጊበትና ተገላገይ።

ጋሽ ሚዛን፦ ቆይ እንጂ። ቶሮንቶ ዳቦ ቤት ስሠራ ኖሬያለሁ፣ ልናገር። እህቴ፣ ያፈሰሰው በአብዛኛው ውሃው ነው። አሜሪካ ውስጥ ቅቤ ቢያንስ 80 በመቶ ስብ እንዲሆን እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ በሕግ ተወስኗል። አገር ቤት ተንጦ በእጅ የታጠበው ግን እንደ ናጪዋ ነው። አንዷ ውሃውን አሽታ ታወጣዋለች፣ ሌላዋ ትተወዋለች። ኮምጠጥ የሚለው ደግሞ ውስጡ በቀረው አሬራ ነው።

ስለዚህ አንጥሪው። ኮረሪማ የለ፣ በሶብላ የለ፣ ኮሰረት የለ፣ ባዶውን። አጥልይና ይርጋ። ውሃው ስለወጣ 100 ግራም ቅቤ በሚልበት ቦታ 80 ግራም ንጥር አድርጊ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሪ። ቀልጦ እያለ ስኳር እንዳትመቺበት! ረግቶ ለስለስ ሲል ነው አየር የሚይዘው። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ሊጡን 1 ሰዓት ፍሪጅ አስገቢው። ደግሞ ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የቨርጂኒያው ልክ አይሆንሽም፣ ስኳሩን ቀነስ፣ ዱቄቱን አንድ ሁለት ማንኪያ ጨመር አድርጊ።

ዋርካ ያለው የአትክልት ቅቤ ዘግይቶ ስለሚቀልጥ ቅርጽ ይይዛል፣ ጣዕም ግን የለውም። ግማሽ በግማሽ ይቻላል። በፈሳሽ ዘይት ከሆነ ለ1 ኩባያ ቅቤ ሦስት አራተኛ ኩባያ ይበቃል። የኑጉን ግን ተዪው፣ የራሱ ጣዕም አለው።

የፍራንክፈርቷ፦ ኧረ ቅቤ አትበሉብኝ! እናቴ ለጥምቀት አናቴ ላይ ትጠፈጥፍልኝ ነበር። ጊዮርጊስ ጋ፣ ዘንባባው ስር ስንደርስ ቀልጦ በግንባሬ ይወርዳል። በነጠላዬ ስጠርገው ትቆጣኛለች። 9 ዓመት ሆነኝ። አንቺ 2 ኪሎ የዳንግላ ቅቤ ታቅፈሽ «በምን ልተካው» ትያለሽ? በኔ ተኪው። ሰው ካገኘሽ ግማሽ ኪሎ ላኪልኝ።

ሕግ አዋቂ፦ እንዳትልኪ! ከኢትዮጵያ የወተት ውጤት በሻንጣ ይዞ አውሮፓ ህብረት መግባት ክልክል ነው። ሥጋም እንደዚያው። ጉምሩክ ካገኘው ይወስደዋል፣ ቅጣትም ሊኖር ይችላል።

ሻንጣ፦ እኔ 5 ጊዜ አስገብቻለሁ። ማንም አልነካኝ።

ሕግ አዋቂ፦ አልያዙህም ማለት ተፈቀደ ማለት አይደለም። እንዲህ እያልክ ነው ሰው የምታስይዘው።

ሻንጣ፦ ወንድሜ፣ አንተ ሕጉን ስታነብ እኔ ዶሮ ወጤን በልቻለሁ።

ዋርካ፦ ቅቤውን ተዉትና ዋናውን እንጠይቅ። የ200 ኩኪስ ዱቄትና ስኳር ማን ነው የሚከፍለው? ወንድሜ ባለፈው ወር «ለመልስ ነው» ብሎ 600 ዶላር አስላከኝ። ከውጭ የመጣ ሰው ብር ከዛፍ የሚለቅም ይመስላቸዋል።

የፍራንክፈርቷ፦ አክስቷ እኮ ናት! 2 ኪሎ ቅቤ ሰጥታለች። ቅቤ ዛሬ ስንት እንደገባ ታውቃለህ?

ዋርካ፦ ሰጠች አይባልም። «ሥሪበት» ነው ያለቻት።

የፍራንክፈርቷ፦ አንተ ዘመድ ምን እንደሆነ ረስተሃል።

ዋርካ፦ አልረሳሁም፣ በየወሩ መጨረሻ ይደውሉልኛል።

የሺምብጧ፦ እባካችሁ፣ አክስቴ ይህን ብታነብ አለቀልኝ። ዱቄቱን እኔ ገዝቻለሁ፣ አልከፋኝም። ጋሽ ሚዛን፣ እንዳሉኝ ባዶውን አንጥሬ 12 ብቻ ሞከርኩ። አልፈሰሰም፣ ተመስገን! ሽታው ግን አሁንም አለ። የሎሚ ልጣጭ ልፈግፍግበት ወይስ ከሱቅ ቅቤ ጋር ላደባልቀው? ካደባለቅሁትስ ስንት በስንት?

ሻንጣ፦ ሕግ አዋቂ፣ ማርስ? የጎጃም ማርም ክልክል ነው?

ሕግ አዋቂ፦ ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል።

የፍራንክፈርቷ፦ እንግዲያው ማር ላኪልኝ።

የሺምብጧ፦ ጋሽ ሚዛን የሉም እንዴ? መብራት ሄደ። ሊጡ ፍሪጅ ውስጥ ነው።