ቃርና የጉሮሮ መኮማተር፦ የቱ መድኃኒት፣ የቱ ምርመራ?

ቃር ያለባችሁና ጉሮሯችሁ ጭምድድ የሚልባችሁ፣ ፋርማሲ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ምግብ ስትበሉ ይለቃችኋል ወይስ ይብስባችኋል?

ስትበሉ ጠፍቶ፣ ባዶ ምራቅ ስትውጡ ግን እብጠት የተሰነቀረ ከመሰላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው የምግብ ቧንቧውን አናት የሚዘጋው ጡንቻ ነው። አሲድ ሽቅብ ሲል ጡንቻው ለመከላከል ይጠብቃል። ጭንቀት ሲታከልበት ደግሞ አልላላም ይላል። እህ እህ እያሉ ጉሮሮ መጥረግም ያባብሰዋል፤ እሱን ለመተው ግን ሞክሩትና እዩት፣ ቀላል አይደለም።

ሌሊት አባንኖ ትንፋሽ የሚያሳጣው ሌላ ነው። እሱ የድምፅ አውታሮች ድንገት መዘጋት ነው፤ ያስደነግጣል፣ ግን ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ውስጥ ይለቃል። ደረት መሃል ጨምድዶ ለሚይዝ ሕመም መጀመሪያ ልብ ይታይ።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ፣ የሚታኘኩት አንታሲዶች (አሲድ ማርከሻ ክኒኖች) ቶሎ ይደርሳሉ፣ ቶሎም ይከዳሉ። እንደኔ ለጉሮሮ የሚሻለው እንደ ጋቪስኮን ያለ አልጂኔት ያለበት ሽሮፕ ነው። ጨጓራ ውስጥ ካለው ምግብ በላይ ተንሳፍፎ እንደ ክዳን ይሆናል። ከምግብ በኋላና ሊተኙ ሲሉ ይወሰዳል። ሶዲየም ስላለው ደም ግፊት ያለበት ሐኪም ይጠይቅ። ኦሜፕራዞል አሲድ በመቀነስ ይበልጠዋል፤ ከቁርስ 30 ደቂቃ በፊት ካልተዋጠ ግን ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ሙሉ ለሙሉ ለመሥራትም ቀናት ይፈልጋል። ደረታችሁን የማያቃጥላችሁ ከሆነ ለጉሮሮው ብቻ ብዙ አትጠብቁበት። ሌላው አሲድ ቀናሽ፣ ፋሞቲዲን፣ ለሌሊት አይከፋም። የሚንት ከረሜላ ግን ይቅርባችሁ! ጉሮሮ ያቀዘቅዝና የጨጓራውን በር ያላላል።

ከምርመራ የአንገት በላይ ሐኪም ይቅደም። በአፍንጫ በምትገባ ቀጭን ካሜራ በደቂቃዎች ያያል። ኢንዶስኮፒ (በአፍ እስከ ጨጓራ የሚገባው ካሜራ) ቁስልና ጥበት ያሳያል፤ መኮማተሩን ግን ሊያመልጠው ስለሚችል «ምንም የለብህም» ተብሎ የሚመለሰው ብዙ ነው። የጡንቻውን ግፊት የሚለካው ማኖሜትሪ ነው፤ አሲዱን ደግሞ የ24 ሰዓት የፒኤች ክትትል።

ምግብ የሚቀረቀርበት፣ ክብደት የሚቀንስ፣ ደም የሚያስታውክ ወይም ሰገራው የጠቆረ ሰው ሽሮፕ እያማረጠ አይቆይ፤ ዛሬውኑ ይታይ።

ምርመራው ንጹሕ ሆኖ መጨምደዱ ካልቀረ የድምፅና ንግግር ባለሙያ ፈልጉ። ጉሮሮ ከመጥረግ ይልቅ ውሃ ፉት ማለትን፣ አንገትና መንጋጋ ማላላትን ያለማምዳሉ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው።