በቆሎው ጠወለገ፤ ልገልብጠው ወይስ ልጠብቅ?

ጀማሪ ገበሬ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! በመጀመሪያው ዝናብ በቆሎ ዘራሁ፣ ጥሩ ሆኖ በቀለ፣ ከዚያ ዝናቡ ቀጥ አለ። ቅጠሉ ሁሉ ተጠቅልሏል። ይህ የአየር ንብረት ለውጥ ጨረሰን። በሬዎቹን ለነገ ጠዋት ይዣለሁ፤ ገልብጬ እንደገና ልዝራ? ዘር የቀረኝ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ሞፈር፦ ዩሪያ በትንበት፣ ይነቃቃል።

ደመና ቆጣሪ፦ ዝናብ ከፈለግህ ልብስ አጥበህ አስጣ። እኔን አሳፍሮኝ አያውቅም።

የአፈር ሰው፦ ዩሪያ ወደ አፈር የሚያሰርገው ዝናብ ካላገኘ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፤ ገንዘብህን ለነፋስ አትስጥ። ይልቅ ዋናውን አልነገርከንም። ስንት ቅጠል አውጥቷል? ያየኸው በማለዳ ነው ወይስ በቀትር?

ጀማሪ ገበሬ፦ አራት ቅጠል። ከቀትር በኋላ ነው ያየሁት። ሰዓቱ ምን ለውጥ ያመጣል?

ተጠራጣሪው፦ ቆይ፣ የአየር ንብረት የሚባለው የ30 ዓመት አማካይ ነው። በአንድ ወቅት ዝናብ ስለቆመ ለውጥ ነው ማለት አይቻልም። ኤል ኒኞ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅም በየ2 እስከ 7 ዓመቱ እየመጣ ዝናብ ያዛባል።

ጡረተኛ መምህር፦ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም። አየር 1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት ይይዛል። ስለዚህ ሲዘንብ በአንዴ ይዘረገፋል፣ በመካከል ያለው ደረቅ ጊዜም በብዙ ቦታ ይረዝማል። ብልሃቱ የወረደውን ውሃ ማሳው ላይ ማስቀረት ነው። የቡርኪና ፋሶው ገበሬ ያኩባ ሳዋዶጎ ዛይ የሚባሉትን ትንንሽ ጉድጓዶች በበጋ እየቆፈሩና ፍግ እየጨመሩ የደረቀ መሬት አልምተዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። ጉድጓዱ...

ደመና ቆጣሪ፦ መምህር፣ በሬዎቹ ለነገ ናቸው። ጉድጓዱ ለከርሞ ይቆየን።

ሞፈር፦ እኔ አሁንም ዩሪያ እላለሁ።

የአፈር ሰው፦ በቆሎ በቀትር ቅጠሉን የሚጠቀልለው ውሃ እንዳያባክን ነው፤ ሞተ ማለት አይደለም። ነገ ፀሐይ ሳትወጣ ሂድ። ቅጠሉ ተዘርግቶ ካደረ አቅም አለው። ተጠቅልሎ ካደረ ግን ከተለያየ ቦታ ጥቂት ነቅለህ ግንዱን ከሥሩ ጀምረህ ሰንጥቀው። በዚህ ዕድሜው የሚያድግበት ጫፍ ገና ከአፈር በታች ነው። ነጭና ጠንካራ ከሆነ ዝናብ ሲመለስ ያገግማል፤ ቡናማና ልፍስፍስ ከሆነ አልቆለታል። አብዛኛው ሕያው ከሆነ በሬዎቹን መልስ። አረሙን ንቀል፣ ዘር ካልያዘ እዚያው መሬቱን አልብስበት። በጥልቀት ግን አትኮትኩት፣ ሥሩን ትቆርጣለህ። ቢሞትም እንኳ ያችን የቀረች ዘር በደረቅ አፈር ላይ አትዝራት። ዝናቡ ሲመለስ ከወቅቱ ስንት ቀን እንደቀረ ቁጠር፤ 120 ቀን የሚፈልግ በቆሎ የማይደርስ ከሆነ ማሾ ከ60 እስከ 90 ቀን ይበቃዋል።

የጓሮ እመቤት፦ ግማሹ ብቻ ከሞተስ? በክፍተቱ በቆሎ ብትዘራ ትልቁ ያጠላበታል። እኔ ቦሎቄ ነው የምሞላበት።

ደመና ቆጣሪ፦ ጀማሪ ገበሬ፣ በሬዎቹ መጡ ወይስ ቀሩ?

አዲስ አባል፦ የእኔም እንዲሁ ሆኗል፣ ግን ማሽላ ነው። እኔም ልሰንጥቀው?

የአፈር ሰው፦ ማሽላ ሲደርቅበት እድገቱን ገትቶ ዝናብ መጠበቅ ይችላል፤ ለጊዜው ተወው። ብቻ ለጋ ቅጠሎቹን ገልጠህ ተምች መኖር አለመኖሩን ተመልከት።